የኮንትሮል ትራንስፎርመር ስንት ቪኤ ይሁን? ኮይል ለሚያነሳ ፓኔል ልክ አወጣጥ

ፓኔሉ አልቋል። ሽቦው ተጎትቷል፣ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ በሩም ተገጥሟል። ባለቤቱ አጠገባችሁ ቆሞ እያየ ስታርት ትጫናላችሁ። ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው በማግኔት የሚሠራ ስዊች) «ትርርርር» ብሎ ይንጫጫል እንጂ አይዝም። ወይም ያን ቀን በደንብ ይሠራና በሁለተኛው ሳምንት «ኮይሉ (ማግኔት የሚሆነው ጥቅል ሽቦ) ተቃጠለ» ተብሎ ይደወልላችኋል። አዲስ ኮይል ይገባል፤ እሱም ይቃጠላል። ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ ፌክ ኮንታክተር ላይ ይላከካል።

አንዳንዴ እውነትም ፌክ ነው። እኔ ግን አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ሦስት ኮይል አቃጥዬ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ኮንታክተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ስታርት በተጫነ ቁጥር 24 ቮልቱ ወደ 19 ይወርድ ነበር። የኮንትሮል ትራንስፎርመሩን (የመስመሩን ቮልት ለኮይሎቹ የሚያወርደውን) የመረጥኩት ኮይሎቹ ከያዙ በኋላ በሚወስዱት ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፔር) ነበር። ልኩ መውጣት ያለበት ግን ኮይሉ በሚነሳባት ቅጽበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሷን ቅጽበት ፈልጎ የመያዝ ሥራ ነው።

መመሪያው ለኤሲ ኮይል ነው። ተራ የዲሲ ኮይል ሲነሳም ሲይዝም የሚወስደው ዋት ያው ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

መልቲሜትር ያዙ። ዝቅተኛውን ንባብ የሚያስቀር «ሚን ማክስ» ያለው ቢሆን ይመረጣል። ክላምፕ ሜትር፣ ካልኩሌተር፣ የኮንታክተሮቹ ካታሎግ እና ወረቀት ያስፈልጋል። ካታሎጉን ከስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል፤ የኮንታክተሩ ሞዴል ቁጥር ካለ አብዛኛው አምራች ገጹን በነፃ ይሰጣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ።

አንደኛ፣ በትራንስፎርመሩ ፕራይመሪ (መስመሩ በሚገባበት በኩል) ላይ 380 ቮልት አለ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ማንም እንዳያነሳው ቆልፉት፣ ከዚያ በሜትር አረጋግጡ። «አውርጄዋለሁ» የሚለውን የሰው ቃል ሳይሆን ሜትሩን እመኑ።

ሁለተኛ፣ ሴኮንደሪውን (ወደ ኮይሎቹ የሚወጣበትን በኩል) ለመሞከር ከሌላ ቦታ 24 ቮልት ኤሲ አምጥታችሁ አትስጡት። ትራንስፎርመር በሁለቱም በኩል ይሠራል። በ24 በኩል ስትሰጡት በሌላው በኩል 380 ያወጣል፣ እዚያ ጋ ደግሞ የሆነ ሰው ስክሩ እያጠበቀ ሊሆን ይችላል። መሞከር ካለባችሁ የሴኮንደሪውን ሽቦ መጀመሪያ ንቀሉ።

## ደረጃ 1፦ የሚገባውን ቮልት ለኩ

እኛ አገር ስሙ 380/220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ሽቦው ውስጥ ያለው ግን ሁልጊዜ ስሙን አያከብርም።

1. በፌዝና በፌዝ መካከል ጠዋት፣ እኩለ ቀን እና አመሻሽ ላይ ለኩ። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ወይም ብየዳ ቤት ሲሠራም ለኩ።
2. ጀነሬተር ካለ በጀነሬተርም ለኩ።
3. ዝቅተኛውን ቁጥር ጻፉ። ከእንግዲህ የምትሠሩት በእሱ ነው።

ለምን? የኤሲ ኮንታክተር ኮይል ከተጻፈበት ቮልት ከ85 እስከ 110 በመቶ ባለው ውስጥ መሥራት አለበት፤ የአይኢሲ (ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ደረጃ የሚያስገድደው ይህንን ነው። ለ24 ቮልት ኮይል ይህ ከ20.4 እስከ 26.4 ማለት ነው። አሁን አንድ 400 በ24 የሆነ ትራንስፎርመር 360 ቮልት ባለበት ቦታ ግጠሙ እንበል። ምንም ሳይጫንበት የሚሰጣችሁ 21.6 ነው። ከዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ራሱ 5 በመቶ ሲያወርድ 20.5 ቀረ። ሽቦውን ገና አልቆጠርንም።

ስለዚህ ፕራይመሪው ላይ ከአንድ በላይ ታፕ (ለተለያየ ቮልት የተዘጋጀ የሽቦ መግቢያ) ያለው ትራንስፎርመር ግዙ። በ380 ታፕ ቢሆን ኖሮ ያው 360 ቮልት 22.7 ይሰጥ ነበር። ሽቦ አዟዙሮ መግጠም ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሄርዙንም አትለፉት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ላይ 480 ቮልት 60 ሄርዝ የሚል ትራንስፎርመር ታገኛላችሁ። 60 ብቻ የሚል ትራንስፎርመር በ50 ላይ በሙሉ ቮልቱ ከሠራ ብረቱ ይሞላል፤ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ኮይሉም እንደዚያው ነው፤ ለ60 የተሠራ ኮይል በ50 ላይ 20 በመቶ ገደማ፣ ብረቱ ከሞላ ደግሞ ከዚያም በላይ ትርፍ አምፔር ይስባል። «50/60» የሚል ካላያችሁ አትግጠሙ።

## ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ኮይል ሁለት ቁጥር ጻፉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋል።

ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ተንቀሳቃሹ ብረት ገና ራቅ ብሎ ነው ያለው። በመሃል አየር አለ። አየሩ እስካለ ድረስ ኮይሉ ኤሌክትሪኩን የመግታት አቅሙ ደካማ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አምፔር ይጎትታል። ብረቱ ከብረት ሲገጥም ይገታዋል፣ አምፔሩም ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ መቶኛዎች ውስጥ ነው። ከ9 እስከ 38 አምፔር ያሉት የተለመዱ ኮንታክተሮች ሲነሱ 70 ቪኤ፣ ከያዙ በኋላ 7 ቪኤ ገደማ ይወስዳሉ። አሥር እጥፍ ነው።

ኮይል ለምን እንደሚቃጠልም ከዚሁ ይገባችኋል። ቮልት አንሶት ብረቱ ሳይገጥም መንገድ ላይ ከቀረ ያ የመነሻ አምፔር አይወርድም። ኮይሉ ደግሞ ለሰከንድ ስባሪ እንጂ ለደቂቃ እንዲሸከመው አልተሠራም።

ሠንጠረዥ አስምሩና ለእያንዳንዱ ይህን ጻፉ፦ የኮይሉ ቮልት፣ ሄርዝ፣ ሲነሳ ቪኤ፣ ሲይዝ ቪኤ። ኮንታክተር ብቻ አይደለም፤ ሪሌይ፣ ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ታይመር፣ የበር ላይ መብራት ሁሉም ይግባ። መብራትና ታይመር አንድ ቁጥር ይበቃቸዋል።

ካታሎግ ላይ ከ2 እስከ 3 ዋት የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱ ኮይሉ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ለፓኔሉ ማቀዝቀዣ እንጂ ለትራንስፎርመር አይሆንም። የሚፈለገው ቪኤ የሚለው ነው።

ካታሎግ ከሌለስ? ሲይዝ የሚወስደውን መለካት ይቻላል። 7 ቪኤ በ220 ቮልት 32 ሚሊ አምፔር ነው፤ አብዛኛው ክላምፕ ሜትር እንዲህ ያለችውን አያያትም። የኮይሉን አንድ ሽቦ ክላምፑ ላይ አሥር ዙር ጠምጥሙት፣ ያነበባችሁትን ለአሥር አካፍሉ። ውጤቱን በቮልቱ አባዙ። ሲነሳ የሚወስደውን ለማወቅ ደግሞ ያገኛችሁትን በአሥር አባዙት፣ ወይም በአምፔሩ እኩያ የሆነ የሌላ አምራች ኮንታክተር ካታሎግ አውጥታችሁ ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። ብረቱን በእንጨት ወጥሮ ኮይሉን እያበሩ መለካት የሚወዱ ልጆች አሉ። ኮይል መግዛት ካላማራችሁ አትሞክሩት።

## ደረጃ 3፦ ክፉዋን ቅጽበት ፈልጉ

አሁን ስዕሉን (ሰርኪዩቱን) ፊታችሁ ዘርጉና ማሽኑ ከቆመበት እስከሚሠራ ድረስ በጣታችሁ ተከተሉት። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አሁን ምን ይነሳል? አሁን ምን ይዞ ይቆያል?

ስታር ዴልታን እንውሰድ፤ ትልቅ ሞተርን መጀመሪያ በስታር፣ ከዚያ በዴልታ አገናኝቶ የመነሻ አምፔሩን የሚቀንስ አሠራር ነው። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ስታሩ ይዘጋል፤ በስታሩ ረዳት ኮንታክት በኩል ዋናው ይነሳል። ታይመሩ ሲደርስ ስታሩ ይለቃል፣ ዴልታው ይነሳል። ሦስት ኮንታክተር ቢኖርም ሦስቱ አንድ ላይ አይነሱም። ይህንን ያላየ ሰው የሦስቱንም መነሻ ደምሮ ያለልክ ትልቅ ትራንስፎርመር ይገዛል።

ግን ሌላ ጥያቄ አለ፣ እኛ አገር ደግሞ ዋናው እሱ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ስታርትና ስቶፕ ያለው በራሱ የሚይዝ ሰርኪዩት ከሆነ መብራት ሲመጣ ዝም ይላል፤ ሰው እስኪጫነው ይጠብቃል። በሴሌክተር፣ በተንሳፋፊ ወይም በፕሬዠር ስዊች የሚሠራ ከሆነ ግን ሁሉም ኮይል መብራቱ በመጣባት ቅጽበት በአንድ ላይ ይነሳል። ባለ ሦስት ፓምፕ የውኃ ፓኔል ሲሞከር እያንዳንዱ ፓምፕ ለየብቻ ይነሳል፤ ሁሉም አማን ነው። ሌሊት መብራት ሲሄድና ሲመጣ ታንከሩ ጎድሎ ከነበረ ሦስቱም ይነሳሉ፣ ኮንታክተሮቹም ሲንጫጩ ያድራሉ። ጠዋት የሚገኘው የኮይል ሽታ ነው።

## ደረጃ 4፦ ደምሩ

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ፓኔሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ፓምፕ በስታር ዴልታ፣ ሁለት ትንንሽ ፓምፖች በቀጥታ የሚነሱ፣ ስድስት ኤልኢዲ መብራት እና አንድ ታይመር አለ። ኮይሎቹ 24 ቮልት ናቸው። ከካታሎግ ያገኘነው ይህ ነው እንበል፦

- ዋናው፦ ሲነሳ 160፣ ሲይዝ 15 ቪኤ
- ዴልታው፦ ሲነሳ 160፣ ሲይዝ 15
- ስታሩ፦ ሲነሳ 70፣ ሲይዝ 7
- ሁለቱ ትንንሽ፦ እያንዳንዳቸው ሲነሱ 70፣ ሲይዙ 7
- መብራቶቹ በድምሩ 12፣ ታይመሩ 3

ሁሉም ይዞ ሲሠራ፦ ዋናው 15፣ ዴልታው 15፣ ሁለቱ ትንንሽ 14፣ መብራት 12፣ ታይመር 3። ድምሩ 59 ቪኤ። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው 63 ቪኤ ገዝቶ ይሄዳል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ዴልታው ሲነሳ፦ የያዙት ዋናው 15፣ ትንንሾቹ 14፣ መብራት 12፣ ታይመር 3፤ 44 ቪኤ። የሚነሳው 160። ደረቁ ድምር 204 ነው።

ደረቁ ድምር ትንሽ ያጋንናል፤ የሚነሳው ኮይልና የያዙት ኮይሎች ፓወር ፋክተራቸው (ከቪኤው ውስጥ ዋት የሚሆነው ድርሻ) አንድ ስላልሆነ እንደ ብር ቀጥ ብለው አይደመሩም። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አውሮፓውያኑ ድምሩን በ0.8 ያባዛሉ፦ 204 × 0.8 = 163። አሜሪካኖቹ የያዘውንና የሚነሳውን ለየብቻ በራሱ አባዝተው ደምረው ስኩዌር ሩቱን ይወስዳሉ፦ 44 × 44 = 1936፣ 160 × 160 = 25600፣ አንድ ላይ 27536፣ ሩቱ 166። ሁለቱ መንገድ እዚህ ይገናኛሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፦ ሁሉም በተንሳፋፊ ነው የሚሠራው እንበል። ስታሩ ቀድሞ ይዘጋል፣ ዋናውን ይጠራል፣ ሁለቱ ትንንሽ ገና መንገድ ላይ ናቸው። የሚነሱት 160 + 70 + 70 = 300፣ የያዙት 7 + 12 + 3 = 22። ደረቁ 322፣ በሩት 301። እዚህ ጋ 0.8ቷን አትጠቀሙ፤ እሷ የተሠራችው አንድ ትልቅ ኮይል ብቻውን ለሚነሳበት ነው። አብረው የሚነሱ ኮይሎች ፓወር ፋክተራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ቀጥ ብለው ነው የሚደመሩት።

አሁን ምርጫ አለ። ወይ 300 ቪኤ ለቅጽበት የሚችል ትራንስፎርመር መግዛት፣ ወይ ትንንሾቹን ፓምፖች በታይመር ማዘግየት፤ አንዱን 3 ሰከንድ፣ ሌላውን 6 ሰከንድ፤ ሁለቱም ስታሩ ወደ ዴልታ ከሚዞርበት ሰከንድ ጋር እንዳይገጥሙ አድርጋችሁ። እኔ ሁልጊዜ ታይመሩን ነው የምመርጠው። ትራንስፎርመሩን ብቻ ሳይሆን ሞተሮቹም አንድ ላይ ተነስተው መስመሩን እንዳያወርዱት ያደርጋል። በጀነሬተር ለሚሠራ ቦታ ደግሞ አማራጭ የለውም።

ሁለት ታይመር 6 ቪኤ ይጨምራል። ሲሠራ 59 የነበረው 65 ሆነ፣ ዴልታው ሲነሳ 204 የነበረው 210 ሆነ። በ0.8 ሲባዛ 168።

## ደረጃ 5፦ ትራንስፎርመሩን ምረጡ

የተለመዱት የአውሮፓ ልኮች 40፣ 63፣ 100፣ 160፣ 250፣ 400 እና 630 ቪኤ ናቸው። የያዛችሁት ሁለት ቁጥር ነው፦ 65 ሁልጊዜ፣ 168 ለቅጽበት።

1. ካታሎግ ካለ። የኮንትሮል ትራንስፎርመር ካታሎግ ላይ ሁለት ዓይነት ቪኤ ታያላችሁ። አንዱ ስሙ ላይ ያለው ነው። ሌላው የቅጽበት ቪኤ ነው፤ በፓወር ፋክተር 0.5 ቮልቱን ከ5 በመቶ በላይ ሳያወርድ የሚሰጠው። ስሙ ከ65፣ የቅጽበቱ ከ168 መብለጥ አለባቸው። 100 ቪኤው ሁለቱንም ካለፈ ይበቃል። ጥቂት ብቻ ካለፈ ግን 160 ውሰዱ፤ ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ፓምፕ ማስገባቱ አይቀርም።

2. የአሜሪካ ሠንጠረዥ ከሆነ። በ85፣ በ90 እና በ95 በመቶ ቮልት የሚል ዓምድ አለው። መስመሩ በሚዋዥቅበት ቦታ የ95ቱን ዓምድ ተከተሉ። መስመሩ 10 በመቶ ቢወርድ፣ ትራንስፎርመሩ 5 ቢጨምርበት፣ 85 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በታች ኮይሉ ዋስትና የለውም።

3. ምንም ወረቀት ከሌለ። ስሙ ላይ ያለው ቪኤ ከደረቁ ድምር በላይ ይሁን። ለእኛ 210 ስለሆነ 250 ማለት ነው። ትንሽ ይበዛል፤ ግን ወረቀት ለሌለው ዕቃ የሚከፈል ዋጋ ነው።

### በመኪና አምፖል መሞከር

ወረቀት የሌለው ትራንስፎርመር በእጃችሁ ካለ ሳትገጥሙት ፈትኑት። ለ24 ቮልቱ የጭነት መኪና የፍሬን አምፖል ግዙ፤ ባለ 24 ቮልት 21 ዋቱን። አሥሩን በፓራለል ስታገናኙ 210 ዋት ይሆናል። ባለ ክር አምፖል መሆን አለበት፣ ኤልኢዲ አይሆንም።

ሳይጫን ቮልቱን ለኩ። አምፖሎቹን አብሩ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ (ቀዝቃዛ ክር መጀመሪያ ላይ ብዙ ስለሚስብ ያታልላችኋል)፣ እንደገና ለኩ፣ አጥፉ። ከአምስት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። የሚገባው ቮልት ታፑ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል ሆኖ ሴኮንደሪው ከ22.8 በታች ከወረደ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በትንንሽ ትራንስፎርመሮች ቮልቱን የሚያወርደው በአብዛኛው የሽቦው ተቃውሞ ስለሆነ አምፖሉ ከኮይሉ የከፋ ፈተና ነው። አምፖሉን ያለፈ ኮይሉን ያልፋል።

### ማብዛትም ጥፋት ነው

«ለማንኛውም 1000 አስገባ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ሲጫንባቸው ቮልቱ ልክ እንዲመጣ ታስበው ስለሚጠቀለሉ ሳይጫኑ 24 የሚለው 26 ሊያሳይ ይችላል። መስመሩ ሌሊት ከፍ ሲል 26.4ቱን ያልፋል፣ ኮይሉ እየጋለ ይኖራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ትልቅ ትራንስፎርመር ሲበራ ፕራይመሪ ብሬከሩን ይጥላል፤ ደረጃ 7 ላይ እንመጣበታለን።

ስታቢላይዘር ወይም አውቶ ትራንስፎርመር በምትኩ አታስገቡ። ሁለቱ ጥቅልሎች የተለያዩ መሆን አለባቸው።

## ደረጃ 6፦ ሽቦውን አስሉ

220 ቮልት ኮይል ከሆነ ይህን ደረጃ በፍጥነት እለፉት። 24 ከሆነ ግን እዚህ ቆዩ።

ያው 70 ቪኤ ኮይል በ220 ቮልት 0.32 አምፔር ይስባል፣ በ24 ቮልት 2.9 አምፔር። ስቶፕ በተኑ ወይም ተንሳፋፊው 40 ሜትር ርቆ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተገናኝቷል እንበል። ሄዶ መምጣቱ 80 ሜትር ነው፣ ተቃውሞው 1.4 ኦም ገደማ። ኮይሉ ሲነሳ ሽቦው ብቻውን ወደ 3 ቮልት ይበላል። ትራንስፎርመሩ 5 በመቶ ከጨመረበት ኮይሉ ጋ የሚደርሰው 20 ቮልት አካባቢ ነው። 20.4 ያስፈልገው ነበር። ትራንስፎርመሩን በእጥፍ ብታሳድጉትም ይህ አይስተካከልም።

መፍትሔው ሦስት ነው፦ ሽቦውን ወደ 2.5 ማሳደግ፤ ወይም በረጅሙ ሽቦ ላይ ትንሽ ሪሌይ አድርጎ ኮንታክተሩን ከፓኔሉ ውስጥ ማስነሳት፤ ወይም ወደ ከፍ ያለ ቮልት መሄድ። ሪሌዩ ርካሹም ቀላሉም ነው።

## ደረጃ 7፦ ብሬከሮቹ

ትራንስፎርመር ሲበራ ለመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሰከንዶች ከስሙ አምፔር እስከ 25 እጥፍ ሊስብ ይችላል። 250 ቪኤ በ380 ቮልት 0.66 አምፔር ነው፤ 25 እጥፉ 16.5። ባለ 1 አምፔር ሲ ከርቭ ብሬከር (ከርቭ ማለት ብሬከሩ በስሙ ስንት እጥፍ ላይ በቅጽበት እንደሚወርድ የሚለይ ፊደል ነው) ከ5 እስከ 10 አምፔር ባለው ውስጥ በቅጽበት ስለሚወርድ ይህንን አይችልም። ባለ 2 አምፔር ዲ ከርቭ ከ20 እስከ 40 ስለሆነ ይችላል። ፕራይመሪው ላይ ባለ ሁለት ፖል ዲ ከርቭ አድርጉ።

ሴኮንደሪው ላይ ቪኤውን ለቮልቱ አካፍሉና ከዚያ ያልበለጠ ብሬከር አድርጉ። 250 ለ24 ሲካፈል 10.4፣ ስለዚህ 10 አምፔር። 160 ለ24 ከሆነ 6.7፣ ስለዚህ 6 አምፔር። ሴኮንደሪ ብሬከር አለማድረግ በጣም የተለመደ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ ፊውዝ ይሆናል ማለት ነው።

## ደረጃ 8፦ አንዱን ጫፍ ከመሬት

ከሴኮንደሪው አንዱን ጫፍ ከመሬት (ከኧርዝ) ጋር አገናኙ። ብሬከሩ በሌላው ጫፍ ላይ ይሁን። የሁሉም ኮይል አንድ እግር በቀጥታ ወደ መሬቱ ጫፍ ይሂድ፤ በተኖችና ኮንታክቶች በሙሉ በብሬከሩ በኩል ይሁኑ።

አገናኙ ስል ሁለቱንም ነው፣ መሬቱንም ቅደም ተከተሉንም። ስታርቱ በመሬቱ ጫፍና በኮይሉ መካከል ከተቀመጠ፣ የስታርቱ ሽቦ ተልጦ የማሽኑን አካል በነካ ጊዜ ኮይሉ መሬት ያገኛል። ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ሰው እጁን ማሽኑ ውስጥ ከቶ ቢሆንስ? በትክክለኛው በኩል ከሆነ ግን ያው ሽቦ አካሉን ሲነካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ በቃ።

## ደረጃ 9፦ አስነሱና ለኩ

1. የሞተሮቹን ብሬከሮች አውርዱ፤ ኮንትሮሉ ብቻ ይብራ።
2. ሜትሩን በሚን ማክስ ከኮይሉ ሁለት እግር ላይ አድርጉ፤ ከትራንስፎርመሩ ሳይሆን ከኮይሉ፣ በጣም ሩቅ ከሆነው።
3. ክፉዋን ቅጽበት አምጡ። አሥር ጊዜ አስነሱ፣ ዝቅተኛውን አንብቡ። ሜትር ፈጣን ስላልሆነ ቅጽበቷን ሙሉ በሙሉ አይዛትም፤ ስለዚህ 85 በመቶ አካባቢ ካሳየ እንደወደቀ ቁጠሩት። 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን።
4. ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ መልሱት፣ መብራት ሄዶ እንደመጣ።
5. አሁን ሞተሮቹን ጨምራችሁ ድገሙት።

## ሲበላሽ

ሲነሳ ይንጫጫል። ሦስት ቦታ ለኩ። ትራንስፎርመሩ ጋ ደህና ሆኖ ኮይሉ ጋ ከወረደ ችግሩ ሽቦው ወይም የላላ ስክሩ ነው። ሁለቱም ጋ ወርዶ ፕራይመሪው ካልተነቃነቀ ትራንስፎርመሩ አንሷል። ፕራይመሪውም አብሮ ከወረደ ችግሩ መስመሩ ነው፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ገንዘብ አታባክኑ።

ያለ ሞተር ደህና ነው፣ ሞተሩ ሲጨመር ይንጫጫል። ሞተሩ ሲነሳ መስመሩን እያወረደው ነው። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኬብል፣ የዋናውን ብሬከር ስክሩ፣ የጀነሬተሩን አቅም እዩ። ቀጥታ የሚነሳውን ወደ ስታር ዴልታ መቀየርም አለ።

ይይዛል፣ ግን ያጉረመርማል። ቮልቱ ልክ ከሆነ ኮንታክተሩን ፍቱት። ብረቶቹ የሚገጥሙበት ፊት ላይ አቧራ ወይም ዝገት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በሞረድ አትንኩት። ብረቱ ጫፍ ላይ የተቀበረችውን የመዳብ ቀለበት እዩ፤ ከተሰነጠቀች ኮንታክተሩን ቀይሩት።

ቮልቱ ጥሩ ሆኖ ኮይሉ ይቃጠላል። ኮይሉ ላይ የተጻፈውን እንደገና አንብቡ፤ ቮልቱንም ሄርዙንም። ከዚያ ብረቱን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ሳይነካካ እስከ መጨረሻ መሄዱን እዩ። ለወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሠሩ ሁለት ኮንታክተሮች መካከል ያለው መቆለፊያ ጠሞ ብረቱን መንገድ ላይ ሲያስቀረው አይቻለሁ።

ፕራይመሪ ብሬከሩ አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ አይወርድም። ሾርት ሳይሆን የመነሻው አምፔር ነው። ሞገዱ የት ላይ እያለ እንደተበራ ስለሚወስነው በዕድል ይመስላል። ወደ ዲ ከርቭ ቀይሩ።

ትራንስፎርመሩ እጅ አያስነካም። ሴኮንደሪው ላይ ያለውን አምፔር ለክታችሁ ከስሙ ጋር አስተያዩ። ልክ ከሆነ ታፑን እዩ፣ ከዚያ ሄርዙን። 220 ታፕ ላይ 380 የገባ ከሆነ አትለኩ፣ አጥፉ።

ስቶፕ ተጭኖም አይለቅም። 220 ቮልት ሆኖ የበተኑ ኬብል መቶ ምናምን ሜትር ከሆነ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሽቦዎች እንደ ካፓሲተር ሆነው ኮይሉን ይዘውት ይቀራሉ። ስቶፕ ተጭኖ እያለ ኮይሉ ላይ ለኩ፤ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ካያችሁ እሱ ነው። የኤሲ ኮንታክተር ከስሙ 20 በመቶ ላይ እስኪወርድ ድረስ ይዞ መቆየት ይችላል። እዚህ ጋ ረጅሙን ሽቦ በ24 ቮልት ሪሌይ አድርጉና 220ውን ከፓኔሉ እንዳይወጣ አድርጉ።